ሁለት ጊዜ ባዶዋን የቀረች መንደር

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘችው ሆላሾቪትሴ የምትባል ትንሽ የቼክ መንደር ናት። የምትገኘው በደቡብ ቦሄሚያ፣ ከቼስኬ ቡድዬዮቪትሴ ከተማ በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የዓሣ ኩሬዎች በሞሉበት ረባዳ ምድር ነው። በስተደቡቧ በደን የተሸፈኑት የብላንስኪ ሌስ ኮረብታዎች አሉ፤ ከእነርሱም ከፍተኛው ክሌት 1,084 ሜትር ይደርሳል።

መንደሪቱ መሃሏን ሣር ለበቀለበት ሰፊ መስክ ትታ ቤቶቿን በዙሪያው ደርድራለች። በመስኩ ላይ አንድ ኩሬና በ1755 የተሠራ የቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ጸሎት ቤት ይገኛሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤቶቹ ጠባብ ጎናቸውን ወደ መስኩ ያዞሩ ሲሆን፣ ከኋላቸው ግቢው፣ በረቱና ጎተራው፣ ከዚያም አልፎ የእርሻ መሬቱ ይከተላል። ይህ አሰፋፈር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን አሰፋፈሩ ጸንቶ ሰፋሪዎቹ ሁለት ጊዜ መጥፋታቸው ነው።

ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው በ1263 ነው። በ1292 ንጉሥ ዳግማዊ ቫትስላቭ ሲስተርሲያን ለሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የቪሺ ብሮድ ገዳም ሰጣት፤ ገዳሙም እስከ 1848 ድረስ ጉልተኛዋ ሆኖ ዘለቀ። ከ1520 እስከ 1525 ባለው ጊዜ የገባው ወረርሽኝ ነዋሪዎቿን ፈጅቶ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደተረፉ ይነገራል፤ ለዚያ ዘመን መታሰቢያ የቆመ ዓምድም አለ። ግብር የሚከፍል ገባር ያጣው ገዳም ከባቫሪያና ከኦስትሪያ ሰዎችን አምጥቶ አሰፈረ፤ ከዚያ ወዲህ መንደሪቱ በአብዛኛው የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሆነች። በ1895 ከነዋሪዎቿ 157ቱ ጀርመኖች፣ 19ኙ ቼኮች ነበሩ።

ጎብኚው ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው የቤት ግንባሮች የእነዚህ ሰዎች ሥራ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1840 እስከ 1880 ባለው ጊዜ ነው፤ በ1848 በኦስትሪያ ግዛት የገባርነት ሥርዓት ሲሻር የሚያርሰው መሬት የራሱ የሆነለት ገበሬ፣ ቀድሞ በአብያተ ክርስቲያናትና በመኳንንት ቤት ብቻ ያየውን፣ ባሮክ የሚባለውን ጠመዝማዛ የአውሮፓ ሕንፃ ጌጥ በገዛ ቤቱ ላይ በልስን አሠራ። ይህን ስመለከት ከሙያው ይልቅ የሚታየኝ ኩራቱ ነው፤ ጌጡ በሙሉ ያረፈው መንገደኛ በሚያየው በኩል ነውና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቼኮስሎቫኪያ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመኖች ሲባረሩ የሆላሾቪትሴዎቹም በ1946 ተባረሩ። በናዚ ወረራ የተቆጣ ሕዝብ ምን ያህል ቂም እንደያዘ ይገባኛል፤ ሆኖም ለአራት መቶ ዓመታት የቆየን የመንደር ሕዝብ በጅምላ መንቀል ወረርሽኙ ካደረሰው ጥፋት ይልቅ ያሳዝነኛል፣ ይህኛውን የወሰኑት ሰዎች ናቸውና። ብዙ ግቢዎች ባዶ ቀርተው በኮሚኒስቱ ዘመን ፈራረሱ። ነገር ግን እዚያ አዲስ ቤት ለመሥራት የሚሻ ብዙ ሰው ስላልነበረ አሮጌው ሳይፈርስና በሲሚንቶ ሕንፃ ሳይተካ ቀረ፤ እንደ እኔ ግምት ለመንደሪቱ ትልቁን ውለታ የዋለላት ይኸው መዘንጋቷ ነው።

ከ1990 ጀምሮ ቤቶቹ ታደሱ፣ ሰውም ተመልሶ ገባባቸው፤ በ1998 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ዛሬ 140 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ በአስተዳደር ያንኮቭ የሚባል ወረዳ አካል የሆነች፣ በየዓመቱ ሐምሌ ወር ላይ የገበሬዎች በዓል የሚከበርባት መንደር ናት። እኔ ኃላፊ ብሆን ኖሮ ለጎብኚ በሚታደለው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ግንባሮቹን ያሠሩት ሰዎች በየትኛው ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበርና በየትኛው ዓመት እንደተባረሩ አጽፍ ነበር።