አንድ ኩንታል ጤፍ አዲስ አበባ ላይ ስንት ኒውተን ነው?

ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው፤ እዚህ ላይ ምድር ጤፉን የምትስብበትን ኃይል ይለካል። አቋራጩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ኪሎውን በ9.81 ማባዛት ነው። 100 ኪሎ ጤፍ 981 ኒውተን ይሆናል። ለክፍል ፈተና ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አይሠራም። 9.81 ከምድር ወገብ ራቅ ላሉ፣ ለባሕር ወለል ለቀረቡ አገሮች የሚስማማ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች፤ ከፍታዋም 2,355 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ስበቱን ይቀንሱታል።

ከመሠረቱ እናስላው። የስበት ቋሚ ቁጥርና የምድር መጠነ ቁስ ሲባዙ 3.986×10¹⁴ ይሰጣሉ። ይህን ከምድር እምብርት እስከ ጆንያው ባለው ርቀት ካሬ እናካፍላለን። በ9 ዲግሪ ላይ የምድር ሬዲየስ 6,377.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ሲጨመር 6,380 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 6,380,000 ሜትር ይሆናል። ካሬው 4.07×10¹³ ነው። ሲካፈል 9.793 ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርቀቱ ቦታ ከፍታውን ብቻ፣ 2,355ን ያስገባና መልሱ 72 ሚሊዮን ገደማ ይሆንበታል። ኪሎ ሜትሩን ወደ ሜትር ካልለወጠ ደግሞ መልሱ በሚሊዮን እጥፍ ያብጣል። ውጤቱ ከ10 ብዙ ከራቀ ወደ ርቀቱ ተመለሱ፤ ስህተቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እዚያ ነው።

ገና አልጨረስንም። ምድር ስለምትሽከረከር 0.033 ይቀነሳል፤ ወገቧ ላይ ወጣ ያለው አካሏ ደግሞ 0.015 ያህል ይመልሳል። 9.775 ቀረን። ከሥር ያለው ዐለት ሦስተኛውን የአስርዮሽ ቤት ትንሽ ሊነካው ይችላል፤ ለሚዛን ሥራ ግን ይህ ይበቃል። ኩንታሉ 977.5 ኒውተን ነው።

ልዩነቱ 3.5 ኒውተን ነው፤ በኪሎ ሲታይ 350 ግራም ያልፋል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛንን፣ ጤፉም መመዘኛ ብረቱም እኩል ስለሚጎተቱ፣ ይህ አይነካውም። ዲጂታልና ስፕሪንግ ሚዛን ግን የሚለኩት ኃይሉን ነው። ጂ (ኪሎውን የምናባዛበት የስበት ቁጥር) 9.81 በሆነበት አገር የተስተካከለ ሚዛን እንደገና ሳይስተካከል አዲስ አበባ ገበያ ላይ ቢቀመጥ፣ ሙሉውን ኩንታል 99.64 ኪሎ ይለዋል። መፍትሔው ሚዛኑ በሚሠራበት ቦታ፣ ክብደቱ በተረጋገጠ መመዘኛ ማስተካከል ነው። አዲስ አበባ የተስተካከለውን ደግሞ ጂ 9.782 ወደሆነበት ጅቡቲ ወደብ ብትወስዱት፣ በአንድ ኩንታል ወደ 72 ግራም ጨምሮ ያነባል፤ እዚያም እንደገና ይስተካከላል።