«ኦቱርሱን» ብዬ የተዋረድኩበት ቀን

ላሌሊን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ኢስታንቡል ያለ የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው፣ ከአዲስ አበባ ለሸቀጥ የሚመጡ ነጋዴዎቻችን ሻንጣ የሚሞሉት እዛ ነው። እኔም አንድ ሱቅ የገባሁት ለነሱ ላስተረጉም ነበር፣ ቱርክኛዬ ግን ገና የ3 ወር።

አንድ ቀን ፓትሮኑ (አለቃን እንደዛ ነው የሚሉት) ስልክ ላይ እያለ አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ የድሮ ደንበኛ። እኔ በሆዴ ለትልቅ ሰው ተቀመጥ አይባልም፣ ይቀመጡ ነው እያልኩ፣ «ኦቱር» ተቀመጥ ከሆነ «ኦቱርሱን» ይቀመጥ ነው፣ በቃ አክብሮቱ እሱ ጋ ነው ብዬ ወንበር ስቤ ፈገግ ብዬ «ኦቱርሱን» አልኳቸው። ሰውዬው ዞር ብለው በሩን አዩ። ማንም የለም።

«ኪም ኦቱርሱን?» አሉ። ማን ይቀመጥ?

ፓትሮኑ ስልኩን ይዞ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለካ እሱ ነገር ፊትህ ለሌለ ሰው ወይ ለዕቃ ነው፣ «ቻይ ገልሲን» ሲሉ ሻይ ይምጣ ነው። ትልቅ ሰውን እንደ ብዙ ሰው ቆጥረህ «ኦቱሩን» ነው የምትለው፣ ተቀመጡ እንደማለት። «ኦቱሩኑዝ» ካልክ ደግሞ ወጉ ይጨምራል፣ በሮች ላይ «ኢቲኒዝ» ግፉ፣ «ቼኪኒዝ» ሳቡ ብለው የሚለጥፉት በዛ ነው፣ በአፍ ሲሉት ግን ትንሽ ማስታወቂያ ማስታወቂያ ይላል። ለስለስ እንዲል ከፈለግክ «ኦቱርማዝ ምስንዝ?»፣ አይቀመጡም? ይሄኛው እንደኛው ነው፣ ወዲያው ገባኝ።

ፓትሮኑ ግን ሁሉንም ተይውና «ቡዩሩን» በይ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ሲገባ ቡዩሩን፣ ሻይ ስታቀብል ቡዩሩን፣ መልስ ስትሰጥ፣ ስልክ ስታነሳ፣ እየበላህ ሰው ሲደርስብህ እንኳን ቡዩሩን (የኛ እንብላ ማለት ነው)። የሚገርመኝ ስሩ ማዘዝ መሆኑ ነው፣ ቃል በቃል ካየኸው እዘዙ ነው፣ እኛም እኮ ምን ልታዘዝ እንላለን። ከዛ ቀን በኋላ ለብቻዬ ሊፍት ውስጥ ስገባ ራሱ ቡዩሩን የምል ሆንኩ።

ሽማግሌው አሁንም ዕቃ ሊያዩ ይመጣሉ። በሩ ላይ ቆም ይሉና ወንበሩን እያዩ ይጠይቁኛል፦ «ኦቱርሱን ሙ?» ይቀመጥ?