5 ደቂቃ የሚቀድመው ሰዓት

ትላንት አየኋት። ከ6 ዓመት በኋላ። ወንድሜን ይዤ ክሊኒክ ሄጄ እሱ ገብቶ እኔ ውጪ ስልኬን እየነካካሁ ስጠብቅ ቀና ስል እሷ ናት፣ እናቷን ደግፋ እየገባች። እናቷ አላወቁኝም ወይ ደግሞ እንዳላወቀ ሰው ሆነው አለፉኝ፣ እሷ ግን ቆም አለችና ስሜን ጠራችኝ፣ ሙሉውን። ድሮ ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትቆጣኝ ብቻ ነበር እኮ፣ ሌላ ጊዜ "አንተዬ" ነበርኩ።

እናቷን አስገብታ ተመልሳ መጣችና መሀላችን አንድ ባዶ ወንበር ትታ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እሱ ላይ አደረገችው። እንዴት ነህ፣ ደህና፣ አንቺስ፣ ተመስገን። ስራስ? አለ። በቃ አለቀ። ስልካችን ቻርጅ ጨርሶ ካልጠፋ በቀር ወሬ የማናቆም ሰዎች ነበርን፣ ትላንት ግን ሁለታችንም ያንን የተዘጋ በር እያየን ዝም።

ከዛ ሰዓቷን አየሁት። የኔ ስጦታ ነው። የቆዳ ማሰሪያው ለሷ ቀጭን እጅ ሲሰፋት ሚስማር እሳት ላይ አግዬ አንድ ቀዳዳ ጨምሬበት ነበር፣ ወደ ጎን ያፈነገጠች፣ ከሌሎቹ ጋር መስመር የማትገጥም ቀዳዳ። ያኔ አበላሸሁት ሌላ ማሰሪያ ይገዛል ብላት እምቢ ብላኝ ነበር። አሁንም በዛችው ቀዳዳ ነው የታሰረው፣ ቆዳው ጠርዝ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ፣ ቀለሙ ለቆ። ሰዓቱ ያለው ግራ እጇ ላይ ነው፣ ወደ ጣቶቿ ግን ዓይኔን ዝቅ ለማድረግ አልደፈርኩም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ከተማ ስራ አግኝታ "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ስትለኝ ቅሪ ማለት አንገቴ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ግን እድሏን እዘጋባታለሁ ብዬ ፈራሁና "አንቺ እንደመሰለሽ" አልኳት። እኔ ለሷ አስቤ ነው ያልኩት፣ እሷ ደግሞ ሄድሽ ቀረሽ ለኔ አንድ ነው ያልኳት ነው የመሰላት። ይሄ የገባኝ ከሄደች ስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዛ በኋላማ ሜሴጅ እጽፋለሁ አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ አጠፋለሁ፣ እንደዛ እያልኩ ዓመቱ ሄደ። እንደመሰለሽ የሚለውን ቃል ግን ከዛ ወዲህ ለማንም ብዬ አላውቅም።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አልኳት። ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ እሷም እያየችው ነው። ምንም ሳትል እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችና "አራት ተኩል" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ ወደኔ ሳታይ፣ "አይ… አራት ከሃያ አምስት።"

ሁሌ ስለምታረፍድ ሰዓቱን 5 ደቂቃ አስቀድሜ የሞላሁላት እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ አልኳት። ድምጼ ልክ እንዳልነበረ ሰምታዋለች፣ ምክንያቱም ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ እቅፏ ውስጥ አደረገችው። ወንበሩ ባዶ ሆነ። አልተጠጋሁም። እሷም አልተነሳችም። ስንት ደቂቃ እንደዛ እንደቆየን አላውቅም፣ እኔ ግን ያ በር እንዳይከፈት እየጸለይኩ ነበር።

ተከፈተ። እናቷ ወጡ፣ በኔ በኩል ሲያልፉ "ደህና ዋል ልጄ" አሉኝ፣ ለካ አውቀውኛል። እሷ "ቻው" አለች፣ እኔም ቻው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው ያሰብኩት። ያ ሰዓት የባትሪ ነው። በ6 ዓመት ውስጥ ባትሪው አንዴም ሁለቴም ሳይቀየር አይቀርም፣ ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ሰዓት ይቆማል፣ እንደ አዲስ ነው የሚሞላው። እና በተቀየረ ቁጥር 5 ደቂቃዋን መልሳ የምታስቀድመው እራሷ ናት ማለት ነው።