ደሴ ላይ የማሽን ቡና ለምን ይኮመጥጣል? የሙከራ ማስታወሻ

ሙከራው የተሠራው ውሃ አሙቆ በወረቀት ማጣሪያ ላይ በሚያንጠባጥበው የቤት ቡና ማሽን ነው፤ ኤስፕሬሶን አይመለከትም። የማሽን ቡና ያልጣመው ሰው ሁሉ «መረረኝ» ነው የሚለው። ደሴ ላይ ግን መረረ የተባለው ቡና ብዙ ጊዜ ረጋ ተብሎ ሲቀመስ የኮመጠጠ ሆኖ ይገኛል።

መለያው ቀላል ነው። ያለ ስኳር አንድ ጉንጭ ያዙ። አፍ ምራቅ ሞልቶ እንደ ሎሚ ፊት ካስጨመደደ ኮምጣጣ ነው፤ ውሃው ከዱቄቱ ማውጣት ያለበትን አላወጣም። እንደ ግራዋ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ መራራ ነው፤ ወይ ውሃው ዱቄቱ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ ወይ ቡናው ሲቆላ አርሯል። የከረመ ዘይት ከሸተተ ደግሞ ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የዕቃው ነው። የኮምጣጣና የመራራ መድኃኒታቸው ተቃራኒ ስለሆነ ሳይለዩ ዱቄት መጨመርና መቀነስ ነገሩን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ከፍታው። ውሃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃዋ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈልቶ ያበቃል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ወደ 94 ይጠጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚፈለገው ከ90 እስከ 96 ነው። ደሴ ላይ 92 የነበረው ውሃ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ዱቄት ላይ ሲያርፍ ከ90 በታች ይወርዳል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከፈላ ውሃ በላይ የሚሞቅ ውሃ የለም። የጎደለውን ሙቀት የምንሞላው በአፈጫጭ ነው። በተጨማሪ ቡና ከማድረግ በፊት ወረቀቱን አስገብቶ አንድ ዙር ባዶ ውሃ ማሳለፍ ቱቦውን ያሞቃል፣ የወረቀቱንም ሽታ ያጥባል።

ልኩ በሁሉም ዙር አንድ ነበር፤ 1 ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ቡና። ሚዛን ለሌለው በደልዳላ የሾርባ ማንኪያ 11 ያህል ነው። ማንቆርቆሪያው ላይ ያለውን የ«ስኒ» ቁጥር አትመኑ፤ የማሽኑ ስኒ ከ125 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ የእኛን ሲኒ ሁለት እጥፍ ያህላል።

በመጀመሪያው ዙር የጀበና ዱቄት ገባ። ወረቀቱ ተደፈነ፣ ውሃው በማጣሪያው ጠርዝ ላይ ፈስሶ አተላውን ይዞ ወረደ፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ፈጀ፤ መራራ ሆነ። በሁለተኛው ዙር በጣም ሻካራ ተደረገ። በ3 ደቂቃ ወርዶ አለቀ፤ ቅራሪ የመሰለ ቀጭንና ኮምጣጣ ነገር ወጣ። በሦስተኛው በጣት ሲታሽ እንደ ገበታ ጨው የሚቆረቁር ዱቄት ገባ፤ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ወሰደ፤ ኮምጣጣነቱ ጠፋ። ኮምቦልቻ ላይ ከዚህ ትንሽ ሻከር ማድረግ ይቻላል።

ሙቀጫ የሚጠቀም ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ዘነዘናው ብናኝና ስባሪ አንድ ላይ ነው የሚያወጣው። ብናኙ ይመርራል፣ ስባሪው ይኮመጥጣል፣ ሁለቱም በአንድ ሲኒ ይመጣሉ። በወንፊት ንፉት፤ ብናኙ ለጀበና ይቀመጥ፣ ትልልቁ ወደ ሙቀጫ ይመለስ። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በርበሬ የፈጨ ወፍጮ ሽታውን ቡናው ላይ ያሳርፋል፤ ይህን የሚያስተካክል አፈላል የለም።

ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ወዲያው ማፍላት ለጀበና ነው የሚያምረው። አሁን የተቆላ ቡና በውስጡ ጋዝ አለ፤ ጀበና ሲፈላ ጋዙ ይወጣል። በማሽን ግን ዱቄቱ እንደ ሊጥ ይነፋና ውሃው በጎን በጎኑ ያመልጣል፤ ውጤቱ ኮምጣጣ ነው። የተቆላው አንድ ቀን ቢያድር ይሻላል። እንግዳ ተቀምጦ ከሆነ 120 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ በእጅ ዱቄቱ ላይ አፍስሳችሁ፣ በማንኪያ አማስላችሁ፣ 40 ሰከንድ ጠብቃችሁ ማሽኑን አብሩት።

የዘይቱ ሽታ ከልማድ የመጣ ነው። ጀበና ይሟሻል፣ ሳሙና አይነካውም፤ ሸክላ ነውና ልክ ነው። የመስታወት ማንቆርቆሪያና የፕላስቲክ ማጣሪያ ግን አይሟሹም። የሚቀርባቸው ቡናማ ቅባት በቀናት ውስጥ ይከረፋል፤ ጣት ብታሳርፉበት ያጣብቃል። በየቀኑ ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ በሳምንት አንዴ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 1 ሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል። አተላውን ማጣሪያው ውስጥ አታሳድሩ፣ ክዳኑንም ክፍት ተዉት፤ አለዚያ ይሻግታል።

ቱቦው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሌላ ነው። ምልክቱ ድሮ በ6 ደቂቃ ያልቅ የነበረው 10 ደቂቃ መፍጀቱና ማሽኑ እያንቋረረ በእንፋሎት መትፋቱ ነው። 1 እጅ አቼቶ በ2 እጅ ውሃ በርዙ። ግማሹን አሳልፉና አጥፉት፣ 30 ደቂቃ ቆዩ፣ ቀሪውን ልቀቁት፤ ከዚያ 3 ጊዜ በንጹሕ ውሃ። በሎሚ የሚሠራ ሰው ጭማቂውን በጨርቅ ያጥልል፤ ሥጋው ቱቦውን ይዘጋል። በረኪና ግን በፍጹም፤ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ስለ ውሃ ብዙ አንልም። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ ክፍት ድስት ላይ ይደር። ሮቶ ውስጥ የከረመ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን የተቀዳ ውሃ ለብቻው ተቀምሶ ካልጣመ በቡናም አይጣምም።

የተፈላው ቡና ከ20 ደቂቃ በላይ ማሞቂያው ላይ ከቆየ ያርራል፤ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጡት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 120 ቮልት መሆኑን ከሥሩ አንብቡ፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ደግሞ መጥቶ እንዲቀጥል አትጠብቁ፤ ረጥቦ የቆየው ዱቄት መራራውንም ኮምጣጣውንም አንድ ላይ ይሰጣል። ድፉትና ማሽኑ ውስጥ የቀረውን ውሃ ጀበና ውስጥ ጨምራችሁ ከሰሉን አቀጣጥሉ።