በነዳጅ የተበከለ የባሕር ዳርቻ ምን ያህል ይጽዳ?

ከመርከብ የፈሰሰ ድፍድፍ ነዳጅ የባሕር ዳርቻን አጥቁሮት ያየ ሰው ሁሉ ያ ጥቁር ነገር ቶሎ ከዓይኑ እንዲጠፋለት ይመኛል። ምኞቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ስለ ዳርቻ ጽዳት ባነበብኩ ቁጥር አንዳንዴ ከነዳጁ ይልቅ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ይኸው ጥድፊያ መሆኑን እየተረዳሁ መጥቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1967 «ቶሪ ካንየን» የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ኮርንዎል አቅራቢያ ከዓለት ጋር ስትጋጭ፣ ነዳጁን ለመበተን የተረጨው 10,000 ቶን ገደማ ኬሚካል ራሱ መርዛማ ስለ ነበር፣ ከነዳጁ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ የዓለት ላይ ቀንድ አውጣዎችን በገፍ ፈጀ። ኬሚካል ያልነካቸው ቋጥኞች በጥቂት ዓመታት ሲያገግሙ፣ ክፉኛ የተረጨባቸው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1989 «ኤክሰን ቫልዲዝ» ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ አላስካ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ደግሞ የተመረጠው ዘዴ በኃይል የሚረጭ ሙቅ ውሃ ነበር። ውሃው ነዳጁን ከድንጋይ ቢያላቅቅም፣ ተጣብቀው የተረፉትን ፍጥረታት ቀቀላቸው፤ ከጠጠሩ መካከል ያለውን ደቃቅ አፈርም ጠርጎ ወሰደው። ለማነጻጸር ሲባል ሳይታጠቡ የተተዉ ቦታዎች በኋላ ሲመረመሩ ሕይወት ከታጠቡት ፈጥኖ ተመልሶባቸው ተገኘ። (ይህን ሁሉ አልፎም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዳርቻው ሲቆፈር ከሥሩ ገና ያልደረቀ ነዳጅ ወጥቷል።)

ይህ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይሻላል ማለት አይደለም። በአሸዋማ ዳርቻ ላይ ነዳጁን በአካፋ እየገፈፉ ማውጣት ብዙ ጥቅም አለው፤ ከባድ ማሽን ግን ነዳጁን ወደ ታች ይቀብረዋል፣ ንጹሑንም አሸዋ አብሮ ያነሳል። ነዳጁ ከመድረሱ በፊት ቆሻሻውንና ግንዱን ከዳርቻው ማንሳት ደግሞ ማንም ጓንት የለበሰ ሰው ሊሠራው የሚችል ሲሆን፣ በኋላ የሚወገደውን በነዳጅ የተለወሰ ክምር በእጅጉ ይቀንሳል። ማዕበል በሚደበድበው ዓለታማ ዳርቻ ላይ፣ ወፍራሙ ነዳጅ ከተነሳ በኋላ ቀሪውን ለባሕሩ መተው በእኔ ግምት ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ሣር የበቀለበት የባሕር ረግረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 «አሞኮ ካዲዝ» ፈረንሳይ ብሪታኒ ላይ ከተሰበረች በኋላ በኢል ግራንድ ረግረግ የገቡት ከባድ ማሽኖች ነዳጁን ከነአፈሩ ስላነሱት፣ ሣሩ የሚበቅልበት መሬት ዝቅ ብሎ ቀረ፤ የተቆፈረው ክፍልም ሳይነካ ከተተወው ይልቅ ዘግይቶ አገገመ።