ሐይቁ ያኖረው ከሰል
ዛሬ ከሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ ያየሁት ጥንታዊ የከሰል ቅንጣት እጅግ አስደንቆኛል። እንጨት በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቃጠል አመድ ከመሆን ይልቅ ከሰል ስለሚሆን፣ ከሰልን ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ስለማያበሰብሱት፣ የሕዋሶቹ ግድግዳ ቅርጹን ሳይለቅ ለሺዎች፣ እንዲያውም ለሚሊዮኖች ዓመታት ይቆያል፤ የተቃጠለው ተክል ወገንም በዚሁ ይለያል። በባሌ ተራሮች 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል የወጣው ከሰል በዚያው ደለል ውስጥ ከተገኘው የአበባ ብናኝ ጋር ሲነበብ፣ የአስታ ቁጥቋጦና ሰደድ እሳት በዚያ ደጋ ለሺዎች ዓመታት አብረው መኖራቸውን ያሳያል። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣልና! ስለ ባሌ ቃጠሎ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የዛሬውን እረኛ ብቻ እንወቅሳለን፤ በእኔ እምነት ግን ከውሳኔ በፊት የደለሉ ምስክርነት ሊደመጥ ይገባል።