የመርከብ ሻንጣ ታግ እንዴት ይታሰር?

የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ደንበኞቻችን በብዛት የአውሮፕላን ትኬት ፈላጊዎች ናቸው። ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች አሉ፣ አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናትና አባቶች አሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ውጭ የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ወስደው በትልልቅ መርከብ ያዝናናሉ። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር አይቶ የማያውቅ የመንዝ አባት መርከብ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም። ለዚህም ነው በአንዲት ወረቀት የተነሳ ደስታቸው ሲጓደል የሚከፋኝ።

ወረቀቷ የሻንጣ ታግ ናት።

በአውሮፕላን ስንሄድ ስለ ታግ ማሰብ አይጠበቅብንም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ራሱ አትሞ፣ ራሱ እጀታው ላይ ይለጥፈዋል። በቀላሉ የማይቀደድ ነው፣ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፣ ቁራጩም ለእኛ ይሰጠናል። ሻንጣው ቢጠፋ በዚያ ቁጥር ይፈለጋል። የመርከብ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች ታጉን በፋይል ይልኩና ሥራውን ለመንገደኛው ይተዉታል። መንገደኛው በተራ ኤ4 ወረቀት ፕሪንት ያደርጋል፣ መስመሩን ተከትሎ ያጥፋል፣ እጀታው ላይ ጠምጥሞ በስቴፕለር ይመታል። ወረቀቱ ላይ ስም፣ የመርከቡ ስም፣ የሚነሳበት ቀንና የካቢን (መርከቡ ላይ ያለው የመኝታ ክፍል) ቁጥር አለ። አንዳንዱ ላይ ቀለምም አለ። ቀለሙ ሻንጣው ወደ የትኛው ፎቅ እንደሚወጣ ስለሚያሳይ በጥቁርና ነጭ ማተም ጥሩ አይደለም።

ወደብ ሲደረስ ሻንጣውን ጫኞቹ ከመኪናው አጠገብ ይቀበላሉ። ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የለም። ሻንጣው በኤክስሬይ ያልፋል፣ በየፎቁ ይለያል፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ በየካቢኑ በር ላይ ይቀመጣል። አንድ ትልቅ መርከብ ከ3,000 በላይ መንገደኛ ይጭናል። ያን ሁሉ ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው ያ የታጠፈ ወረቀት ነው።

ገጠመኙ የደረሰው ከመሐል ሜዳ በመጡ ባልና ሚስት ላይ ነው። አባትየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። እሷ ጋ ጥቂት ሳምንት ቆይተው አብረው ወደ ማያሚ ሊበሩ፣ ከዚያም የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ ሊያደርጉ ነው። ልጅቷ ወላጆቿ ሁሉም ነገር ተሟልቶላቸው እንዲመጡ ስለፈለገች ታጎቹን በቴሌግራም ላከችልን። ቢሯችን ውስጥ አዲስ የገባች ጎበዝ ልጅ አለች። በቀለም አተመችው፣ አጠፈችው። እናትየው «እንግዲህ የኔ ልጅ፣ እሰሪልንና እንገላገል» አሏት። እሷም እዚያው ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ሻንጣ ላይ አሰረችላቸው። አንዱን እጀታው ላይ፣ ሌላውን ደግሞ እጀታው ወፍሮ ወረቀቱ አልዞር ሲላት ዚፑ ጫፍ ላይ።

ያ ሻንጣ እንግዲህ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ሄደ። ከቦሌ ዋሽንግተን በረረ። እዚያ ወርዶ ጉምሩክ አለፈ። እንደገና ማያሚ በረረ። በየደረሰበት ተወረወረ፣ ተጎተተ፣ በየአየር ማረፊያው የሻንጣ ማመላለሻ ቀበቶ ላይ ተንከባለለ። ዚፑ ላይ የነበረው ወረቀት ይህን ሁሉ እንዴት ይችላል? መምህሩ ከጉዞ ሲመለሱ ወደ ቢሮ መጡና ነገሩን።

«ቅሬታ ይዤ አልመጣሁም» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው። ስቴፕሏና እንዲህ የጥፍር ታህል ወረቀት ነበረች የቀረችው።»

ወደቡ ላይ ግርግር ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ጫኙ ሁለቱንም ሻንጣ አነሳ። ማታ አንዱ ካቢኑ በር ላይ መጣ፣ ሌላው የለም። የጠፋው የእሳቸው ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ደግሞ እሱ ውስጥ ነው። መርከቧ መሬቱን ትታ ከሄደች ቆይታለች። ልጅቷ ደንግጣ ወደ እንግዳ መቀበያው ሮጠች። እናትየው እራት ሳይቀምሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እመብርሃንን ይማጸኑ ነበር።

ሻንጣውን ያስገኘው ራሳቸው መምህሩ ያደረጉት ነገር ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሳለች በሶና ቆሎ በአውቶቡስ ይልኩላት ነበር። ጆንያው ላይ በማርከር ስሟን ይጽፋሉ፣ ውስጡም ሌላ ወረቀት ይጨምራሉ፣ ከዚያ ይሰፉታል። አሁንም በዚያው ልማድ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ልብሱ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ታግ የሌላቸው ሻንጣዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ኖሮ ሠራተኞቹ ሲከፍቱት ወረቀቱን አገኙ። ስሙን ከመንገደኞች ዝርዝር ጋር አመሳክረው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አመጡላቸው። የካቢን ቁጥሩ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ በእሷ አልፈርድም። ወላጆቹን ልታግዝ ብላ ነው፤ ደግሞ አሠራሩን ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሰው አልነበረም። አለቃችንም አልተቆጣትም። ይልቁንስ የዚያኑ ሳምንት አንድ አሮጌ ሻንጣ ይዘን መናኸሪያ ሄድን። እዚያ ያሉት ጫኝና አውራጆች ዕቃ የሚይዙት እንደ ባለቤቱ ቀስ ብለው አይደለም። አንዱን ልጅ «እንደ ልማድህ አንሳውና ጣራ ላይ ወርውረው» አልነው። በአንድ ስቴፕል ብቻ የተያዘው ወረቀት ገና ከመሬት ሳይነሳ ተላቀቀ። ዚፑ ላይ ያለውም አልቆየም። ቋሚው እጀታ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ስቴፕል ተመትቶ፣ ከላይ ዙሪያውን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር የተጠቀለለው ግን ጣራው ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንዳለ ነው። ከሁሉም የበለጠው በብረት ሽቦ የሚታሰር የፕላስቲክ ማህደር ነው። ወረቀቱን ከዝናብም ያድነዋል። ላሚኔት የሚያስደርጉም አሉ፤ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን እሱም ይቀደዳል።

ስለዚህ ዛሬ ቢሯችን የመርከብ ታግ አያስርም። አትመን፣ አጥፈን፣ ትርፍ ኮፒ ጨምረን፣ ከፕላስቲክ ማህደሩ ጋር በፖስታ እንሰጣለን። የሚታሰረው የመጨረሻው በረራ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የአየር መንገዱ አሮጌ ታግ ይነሳል፣ የመርከቡ ይታሰራል፣ ጠበቅ ተደርጎ በእጅ ይጎተታል። በእጅ ጉተታ ከተላቀቀ ወደቡ ላይም ይላቀቃል። ሻንጣው ውስጥ ስም፣ ስልክና የካቢን ቁጥር ያለበት ወረቀት ይገባል። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና አንድ ቅያሪ ልብስ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ብቻ። በዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ታጉ በደንብ ታስሮም ሻንጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የእኛ እናቶች ያለ ዕጣን አይንቀሳቀሱም። የመርከብ ድርጅቶች ግን እሳት ስለሚፈሩ ዕጣን፣ ሻማና የልብስ ካውያ ይከለክላሉ። በኤክስሬይ ከታየ ሻንጣው ተይዞ ይቆያል። ዕጣኑ ልጅ ቤት ይቅር፣ ቡናውም እዚያው ይፈላ።

መውረጃው ላይም ታግ አለ። ጉዞው በሚያልቅበት ዋዜማ መርከቡ ራሱ ቀለም ወይም ቁጥር ያለው አዲስ ታግ ይሰጣል። ሻንጣው ማታውኑ በር ላይ ይወጣል፤ ጠዋት ወደቡ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ቀለም ወይም ቁጥር ተለይቶ ይጠብቃል። መምህሩ እሱን ራሳቸው እንዳሰሩት ነግረውናል። በፕላስተር ጭምር።

በቅርቡ ከሸዋ ሮቢት አንዲት እናት ለተመሳሳይ ጉዞ መጥተው ነበር። እሳቸውም «አሁኑኑ እሰሩልኝና ልረፍ» አሉ። ያችው ባልደረባዬ ናት የመለሰችላቸው። «እማማ፣ አሁን አይታሰርም። ማያሚ ሲደርሱ ልጅዎ ታስርልዎታለች» አለቻቸውና ፖስታው ላይ በትልልቁ «ከመጨረሻው አውሮፕላን ከወረዱ በኋላ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ለልጅየዋ ደወለች፤ አስተሳሰሩንም በቪዲዮ አሳየቻት።